ትራክተር ከመግባቱ በፊት፦ የእርሻ መሬትን ተስማሚነት በካርታ ስለ መለየት



በድርቅ የተጎዳ ገበሬ ወደ አዲስ ቦታ ሲዛወር በሬው ወይ ሞቶበታል፣ ወይም ሸጦት እህል ገዝቶበታል። ስለዚህ በሠፈራ ሥራ ላይ የትራክተር ጉዳይ በቅድሚያ መነሣቱ የሚያስገርም አይደለም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ፣ በብዛት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ፣ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲጓጓዝ፣ በመተከል በፓዌ ደኑ በከባድ መሣሪያ ተመንጥሮ እርሻው በትራክተር መጀመሩ ይታወሳል። ይሁን እንጂ ከሩቅ ሲታይ ሜዳ የሆነ መሬት ሁሉ ለትራክተር አይመችም።

የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣው የመሬት ግምገማ መመሪያ መሠረት፣ የአንድ መሬት ተስማሚነት የሚለካው ለተወሰነ አገልግሎት ነው፤ አገልግሎቱም መሬቱን ሳይጎዳ የሚዘልቅ ሊሆን ይገባዋል። ለማሽላ የተመቸ ማሳ ለከባድ ጎማ ላይመች ይችላል ማለት ነው።

ለዚህ ዋነኛው አብነት ዋልካ አፈር ነው። በኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የሚሸፍነው ይህ አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ ያብጣል። በደረቁ ማረሻ አይደፍረውም፤ ሲጨቀይ ደግሞ ጎማ ይውጣል። በጭቃው ላይ የተነዳ ትራክተር ከማረሻው በታች ያለውን አፈር ስለሚጠቀጥቀው ውሃ አይሰርግም፣ ሥርም አይወርድም። ጉዳቱ በመጀመሪያው መኸር ጎልቶ ስለማይታይ የዓመቱ ሪፖርት ያማረ ይሆናል።

ስለሆነም ካርታው የአፈሩን ዓይነት ብቻ ሳይሆን መሣሪያ ሊገባበት የሚችልበትን የቀን ብዛት ማሳየት ይኖርበታል። ለምሳሌ ያህል፣ በቀን 5 ሄክታር የሚያርስ ትራክተር በ20 ቀን 100 ሄክታር ያዳርሳል ተብሎ ይታቀዳል። አፈሩ የሚፈቅደው 12 ቀን ብቻ ከሆነ የሚታረሰው 60 ነው። ለያንዳንዱ አባወራ አንድ ሄክታር ቢደለደል፣ 40 አባወራዎች ክረምቱ ካለፈ በኋላም የእርዳታ እህል ጠባቂ ሆነው ይቀራሉ። ይህ ስሌት ትራክተሩ ሳይበላሽ፣ መለዋወጫም ሳይጠፋ ነው።

ስለ ተዳፋት ብዙ ማለት አያሻም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ከ60 በመቶ በላይ ተዳፋት ያለውን መሬት ከእርሻ ከልክሏል፤ ከ30 እስከ 60 በመቶ ያለውን ደግሞ እርከን ካልተሠራበት እንዳይታረስ ደንግጓል። ትራክተር ግን ከዚህ ወሰን አስቀድሞ መቆም አለበት፤ መሣሪያውም ነጂውም ይገለበጣሉ።

ካርታው «ለትራክተር አይሆንም» ያለው ማሳ ሁሉ ይጣላል ማለት አይደለም። ዓለም አቀፍ የከብት ልማት ማዕከል በአዲስ አበባ ተቋቁሞ በሚሠራበት ዘመን ሁለት የገበሬ ማረሻዎችን በማጣመር ከዋልካ ላይ ውሃ የሚያጠነፍፍ፣ በበሬ የሚጎተት የመደብ ማውጫ ሠርቶ ነበር። እንዲህ ባለው ማሳ ላይ ለትራክተር ነዳጅ ከመመደብ ለሠፋሪው ጥንድ በሬ መስጠት ይቀላል።

ሌላው ነገር ከአየር በተነሣ ፎቶግራፍ የማይገኝ ነው። የጉሙዝ ገበሬ አንዱን ማሳ ለጥቂት ዓመታት ካለማ በኋላ እንዲያርፍ ይተወዋል፤ ደን ይመስላል እንጂ ባለቤት አለው። በሠፈራው ወቅት እንዲህ ያለው መሬት እንደ ባዶ ተቆጥሯል። ስለዚህ ካርታ አንሺው ቀለሙን ከመቀባቱ በፊት ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጋር ማሳ ለማሳ መዞር ይገባዋል፤ የትኛው መሬት ያረፈ፣ የትኛው የተተወ እንደሆነ፣ በነሐሴም ከብት የሚሰምጠው የት ላይ እንደሆነ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።