«ስሙ ደብተሩ ላይ የለም»፦ ስለ ጤና መድኅንና ስለ እኛ ዕድሜ

(በወጣቶች የውይይት መድረክ ላይ ያቀረብኩት ንግግር ነው። መድረኩ ላይ ያልነበራችሁ ልጆች ስለጠየቃችሁኝ ትንሽ አስተካክዬ ለጥፌዋለሁ። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።)



ዛሬ የማወራው ስለ ጤና መድኅን ነው። አውቃለሁ፣ ርዕሱ ያንቀላፋል። ስለ ታሪክ ቢሆን ኖሮ ይሄ አዳራሽ እስከ በሩ ይሞላ ነበር። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፦ ከመሀላችን የጤና መድኅን አባል የሆነ እጁን ያውጣ። አራት። ከአራቱ ሁለቱ ደግሞ ባለትዳር ናቸው። ሌሎቻችንስ? ሌሎቻችን «ወጣት ነኝ፣ ምን እሆናለሁ» ባዮች ነን። እኔም እንደዚያው ነበርኩ፤ ስለዚህ ማንንም ልወቅስ አልመጣሁም።

እናቴ እንጀራ ሸጣ ነው ያስተማረችኝ። በኢኮኖሚክስ ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል፣ ሥራ የለኝም፣ የምኖረው እሷው ቤት ነው። እማዬ ደም ግፊት አለባት። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ስለሆነች በየወሩ ጤና ጣቢያ ሄዳ ትለካለች፣ ኪኒኗን ትወስዳለች፣ ከኪሷ የምታወጣው የለም። የእድሳት ጊዜ ሲመጣ «አንተ ልጅ፣ አሥራ ስምንት ስላለፈህ ላንተ ለብቻ ጨምሪ ብለውኛል፤ ልክፈልልህ?» አለችኝ። እኔ የተማርኩት ልጇ ምን ብላት ጥሩ ነው? «እማዬ፣ እኔ ምን ሆኜ! ሥራ ስይዝ መሥሪያ ቤቱ ያሳክመኛል። በብሩ ዘይት ግዢበት።» ዘይት ገዛችበት።

ከአራት ወር በኋላ ሌሊት ላይ ሆዴን በቀኝ በኩል ቆርጦ ያዘኝ። ትርፍ አንጀት ነበር። ከጤና ጣቢያ በሪፈር ወደ ሆስፒታል ተላክን። እማዬ ደብተሯን ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ለካርድ ክፍሉ ሰውዬ ሰጠችው። ገለጠ፣ አየ፣ መለሰላት።

«እማማ፣ የሱ ስም እዚህ የለም።»

«ልጄ እኮ ነው!»

«ልጅዎ መሆኑ አልጠፋኝም፣ እማማ። ስሙ ደብተሩ ላይ የለም።»

ሰውዬው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሕጉን ነው የተናገረው። ቀዶ ጥገናው፣ አልጋው፣ ከውጭ የተገዛው መርፌና ግሉኮስ ተደምሮ 7,400 ብር ሆነ። ጎረቤታችን የዕቁብ ዕጣዋን ለቀቀችልን። እስካሁን እየመለስን ነው። ለእኔ መዋጮ የተጠየቀው ደግሞ ለአንድ ወር ኢንተርኔት ከማወጣው ብዙም የማይርቅ ነበር። ሆስፒታል ተኝቼ ጣሪያ ሳይ ይሄ ነገር ከቁስሉ በላይ አመመኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ አዋጁንና መመሪያውን ማንበብ የጀመርኩት። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

የሀገራችን የጤና መድኅን ለውጥ ሁለት በር አለው። አንዱ የማኅበራዊ ጤና መድኅን ይባላል፤ ደመወዝ ለሚበላ ሰው ነው። አዋጁ ቁጥር 690 ሲሆን የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። ሐሳቡ ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም 3 በመቶ እንዲያዋጡ ነበር። በየጊዜው «ሊጀመር ነው» ይባላል፣ ከዚያ ይዘገያል፤ ሠራተኛውም «በዚህ ኑሮ ላይ ከደመወዜ ልትቆርጡ ነው ወይ?» ብሎ አጉረምርሟል። ስለዚህ «ሥራ ስይዝ» ያልኩት በር ራሱ እንዳሰብኩት አልተከፈተም። አንዳንድ የግል መሥሪያ ቤቶች ከኢንሹራንስ ኩባንያ የቡድን ሽፋን ይገዛሉ፤ እሱም ሥራውን የለቀቅክ ቀን አብሮህ አይወጣም።

ሁለተኛው በር የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ነው። ገበሬው፣ ጉሊት ቸርቻሪው፣ የቀን ሠራተኛው፣ እንጀራ ሻጯ እናቴ የሚገቡበት። በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በቀድሞው ደቡብ ክልል በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ፤ ያኔ የአንድ ቤተሰብ መዋጮ በዓመት ከ200 ብር በታች ነበር። ዛሬ በብዙ መቶ ወረዳዎች ውስጥ አለ። አባልነቱ በቤተሰብ ነው፦ ባል፣ ሚስት፣ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች። ከ18 በላይ የሆነ ልጅ ወይም ሌላ ዘመድ እዚያው ቤት ቢኖር ተጨማሪ መዋጮ ይከፈልለታል፤ ካልተከፈለለት የለም። ምንም የሌላቸው ድሆች መዋጮአቸውን ክልሉና ወረዳው ይሸፍኑላቸዋል።

አሁን የእኛን ነገር እዩት። ሃያ አራት፣ ሃያ አምስት ዓመት። ደመወዝ የለንም፣ ስለዚህ በመጀመሪያው በር አንገባም። ልጅ አይደለንም፣ ስለዚህ በሁለተኛው በር በእናታችን ስም አንገባም። የራሳችን ትዳር የለንም፣ ስለዚህ እንደ አባወራ ለመመዝገብ ማን ያስበዋል? በድሃ ድሃ ዝርዝር ውስጥም አንገባም፤ ዲግሪ ያለውን ጎረምሳ የትኛው የቀበሌ ኮሚቴ «ምንም የሌለው» ብሎ ይመርጠዋል? ያደግንበት ቤት ውስጥ አለን፣ ደብተሩ ላይ ግን የለንም። ሕጉ ሲረቀቅ የታሰበው ልጅ 18 ሲሞላው ወይ ሥራ ይይዛል ወይ ጎጆ ይወጣል ተብሎ ይመስለኛል። የትኛው ሀገር ላይ ነው?

አሜሪካ ዘመድ ያላችሁ ልጆች ይሄን ታውቁት ይሆናል። የእኛ አዋጅ በወጣበት በዚያው በ2002 ዓ.ም.፣ መጋቢት ላይ፣ አሜሪካኖች ኦባማ ኬር የሚሉትን ሕግ አወጡ። ከድንጋጌዎቹ አንዱ ምን መሰላችሁ? ልጅ 26 ዓመት እስኪሞላው በወላጁ መድኅን ውስጥ መቆየት ይችላል። ቢመረቅም፣ ቢያገባም፣ ሌላ ከተማ ቢኖርም። የእነሱ ሥርዓት ጻድቅ ነው እያልኩ አይደለም፤ እዚያ ያሉ ዘመዶቻችን በወር የሚከፍሉትን ብትሰሙ ራስ ያዞራል። ግን ይቺን አንዲት ነገር አይተዋታል፦ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ወጣት በሁለት በር መሀል ይወድቃል። የእኛ ሕግ 18 ላይ በሩን ይዘጋል፤ የእነሱ ስምንት ዓመት ይጨምራል።

«ታዲያ ለጤነኛ ሰው ምን ያደርግለታል?» የሚል ሐሳብ አሁንም በውስጣችሁ እንዳለ አውቃለሁ። ኑ እንቁጠር። ለምሳሌ እንበል፣ አንድ ቀበሌ ውስጥ 100 ቤተሰብ በዓመት 1,000 ብር ያዋጣል። ቋቱ ውስጥ 100,000 ብር አለ። የዓመቱ ሕክምና 90,000 ብር ቢፈጅ ቋቱ ይተርፋል። አሁን 40ዎቹ «እኛ አንታመምም» ብለው ቀሩ። የቀሩት ጤነኞቹ ስለሆኑ ወጪው ብዙም አይቀንስም፤ 84,000 ይሁን። ቋቱ ግን 60,000 ብቻ ነው። የቀሩት 60 ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው 1,400 ብር ማዋጣት አለባቸው። 1,400 ሲባል ደግሞ ሌላ 15 ቤተሰብ ይወጣል። እየቀጠለ ሄዶ መጨረሻ ላይ ቋቱ ውስጥ የሚቀሩት የታመሙት ብቻ ናቸው። የቀሩት እነማን ናቸው? ደም ግፊት ያለባት እማዬ፣ ስኳር ያለባቸው የእናንተ አባት። መዋጮ ጨመረ ብለን የምንጮኸው እኛ ነን፤ ካስጨመሩት ምክንያቶች አንዱም የእኛ መቅረት ነው። አንዱ፣ ብቻውን አይደለም። ሌሎቹ ላይ እመጣለሁ።

ይሄ ለእኛ ሕዝብ አዲስ ትምህርት አይደለም። ዕድር አለን። ዕድር ውስጥ ሰው ሊሞትብህ ሲል ሄደህ «መዝግቡኝ» ብትል ማን ይሰማሃል? አዲስ ገቢ ከሆንክ ነባሮቹ ያጠራቀሙትን ድርሻ በመግቢያ ከፍለህ ነው የምትገባው። አያቶቻችን ኢኮኖሚክስ ሳይማሩ ይሄን ሒሳብ ሠርተውታል። የሚገርመኝ ዕድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ሲታመም ግን «እግዜር ይማርህ» ብሎ ያልፋል። ለቀብራችን ተደራጅተን ለሕክምናችን መደራጀት ያቃተን ለምንድን ነው?

አሁን ወደ ቅሬታው። መዋጮው ጨምሯል፣ ውሸት አይደለም። መድኃኒት በአብዛኛው በዶላር ይገባል፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የመድኃኒት ዋጋ ምን እንደሆነ ፋርማሲ የሄደ ያውቃል። የሆስፒታል አገልግሎት ክፍያም ተሻሽሏል። ስለዚህ መጨመሩ ብቻውን አያስቆጣኝም። የሚያስቆጣኝ ሁለት ነገር ነው።

አንደኛ፣ እኩል መዋጮ እኩል አይደለም። ባለ ፎቁ ነጋዴና እንጀራ ሻጯ አንድ ዓይነት ብር ሲጠየቁ ለሱ የምሳ ግብዣ ነው፣ ለእሷ የአንድ ወር ጤፍ። በቅርብ ዓመታት እንደ ገጠርና ከተማው፣ እንደ ቤተሰቡ ብዛት መለያየት ተጀምሯል፤ እንደ ገቢው መለያየቱ ነው ቶሎ መሄድ ያለበት። ሩዋንዳ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤተሰቦችን በኑሮ ደረጃ ከፍላ መዋጮ ታስከፍላለች፤ ከእኛ ሀብታም ስለሆነች አይደለም።

ሁለተኛው ደግሞ «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ» የሚለው ቃል ነው። ሰው ዓመቱን ሙሉ አዋጥቶ መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ይሄን ከሰማ በሚቀጥለው ዓመት አያድስም፤ አልፈርድበትም። ግን ለምን እንደሚከሰት እንወቅ። ጤና ጣቢያው አባሉን በነፃ ያክምና ሒሳቡን ለመድኅኑ ይልካል። ክፍያው ከዘገየ ጤና ጣቢያው መድኃኒት የሚገዛበት ብር አይኖረውም። መደርደሪያው ይራቆታል፣ አባሉ ይሸሻል፣ ቋቱ ይሳሳል፣ ክፍያው ይበልጥ ይዘገያል። አንድ ወረዳ ብቻውን የያዘው ቋት ደግሞ ትንሽ ነው፤ አንድ የክረምት ወባ ሊያራቁተው ይችላል። ቋቱን ከወረዳ ወደ ዞንና ክልል የማሳደግ ሥራ የተጀመረው ለዚህ ነው። እሱን የምንደግፈው በጭፍን መሆን የለበትም፤ ቋቱ ሲርቅ የሒሳቡም ወረቀት አብሮ ይርቃልና፣ በዓመት ምን ያህል ተሰበሰበ፣ ለማን ተከፈለ የሚለው በየቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ እንበል።

ተግባራዊ ነገሮች ቶሎ ቶሎ ልበል፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው። ሕክምና የሚጀመረው ውል ካለበት ጤና ጣቢያ ነው፤ ሪፈር ሳትይዙ ቀጥታ ሆስፒታል ብትሄዱ ከኪሳችሁ መክፈል ሊመጣባችሁ ይችላል፣ ድንገተኛ ካልሆነ በቀር። ተመላላሽ፣ ተኝቶ መታከም፣ ላቦራቶሪ፣ ቀዶ ጥገና፣ መድኃኒት ይሸፈናል። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለውበት የሚደረግ ሕክምና፣ የውጭ ሀገር ሕክምና አይሸፈንም። የኩላሊት ንቅለ ተከላም እንደዚያው፤ ለዚህ ነው በየገጹ የእርዳታ ጥሪ ሼር ስናደርግ የምንውለው፣ እሱን መድኅኑ ይፈታዋል ብዬ አልዋሻችሁም። መድኃኒት ከውጭ ግዙ ከተባላችሁ ማኅተም ያለበት ማዘዣና ደረሰኝ ያዙ፤ ብሩን የሚመልሱ ወረዳዎች ስላሉ የእናንተም ይመልስ እንደሆነ የመድኅን ጽሕፈት ቤቱን ጠይቁ። ምዝገባና እድሳት ዓመቱን ሙሉ ክፍት አይደለም፤ በብዙ ቦታ ከመኸር በኋላ ነው፣ ካለፈ አለፈ።

እኛ ደግሞ እንደ ወጣት የምንጠይቀው አንድ ነገር አለን፦ ሥራ የሌለው፣ ከወላጅ ጋር የሚኖር ልጅ ቢያንስ እስከ 25 ዓመቱ በቤተሰቡ መዋጮ ውስጥ ይቆጠር። ልመና እንዳይመስላችሁ። በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው ብዙም አይታመምም፤ ስማችንን ደብተሩ ላይ ማስገባት ቋቱን እምብዛም አይጎዳውም፣ በሃያ አምስት ዓመታችን የለመድነውን ደግሞ ጎጆ ስንወጣ በራሳችን መዋጮ እንቀጥለዋለን። ይሄን ጽፈን፣ ፈርመን፣ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ማስገባት እንችላለን። ረቂቁን እኔ ጀምሬዋለሁ፤ ሕግ የተማራችሁ ልጆች ከመድረኩ በኋላ ፈልጉኝ፣ አማርኛዬ የቢሮ አማርኛ አይደለም።

ሕጉ እስኪቀየር ግን አልጠበቅኩም። በዚህኛው እድሳት ከእማዬ ጋር ቀበሌ ሄድኩ። ተጨማሪውን መዋጮ የከፈልኩት ሲሚንቶ አውርጄ ባገኘሁት ብር ነው። ጉርድ ፎቶ አምጣ ሲሉኝ ቤት ውስጥ የተገኘው የምረቃ ጋዋን የለበስኩበት ብቻ ነበር፤ ፀሐፊዋ ስቃ ለጠፈችው። ደብተሩ አሁን እናቴ በነጠላ፣ እኔ በጋዋን የተቀመጥንበት ነው። እማዬ እንጀራ ሊገዛ ለሚመጣ ሁሉ እየገለጠች ታሳያለች።

ጥያቄ ያላችሁ ልጆች፣ ማይኩ ወደዚያ ይሂድላችሁ።