100,000 ሲሞላ

እሷ፦ ከደሴ በሐይቅ፣ በውጫሌ አድርጎ መርሳ የሚመላለስ ዶልፊን ሚኒባስ 100,000 ኪሎ ሜትር ለመሙላት ብዙ አይቆይም። ያኔ ምን ይፈልጋል?

እሱ፦ ከሁሉ በፊት የታይሚንግ ቺንጋ! በብዙዎቹ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች እንደ ሞዴሉ በ100,000 ወይም በ150,000 ይቀየራል። ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል።

እሷ፦ «ሞተሩ ደህና ነው» ብለው መብራቱን ብቻ የሚያስጠፉም አሉ።

እሱ፦ እሱ ነው የሚያናድደኝ! መብራቱ ኪሎ ሜትር ቆጥሮ እንጂ ቺንጋውን አይቶ አይበራም። ቺንጋው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ይበጠሳል። ያኔ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፤ ሞተር ማስወረድ ይመጣል።

እሷ፦ ጌጁ ወደ ኋላ ተመልሶ የተሸጠ መኪናስ?

እሱ፦ የሰርቪስ ማስረጃ ከሌለው ቺንጋው እንዳልተቀየረ ቁጠሪው።

እሷ፦ በዚሁ መንገድ ላለው የአምባሰል ቁልቁለትስ?

እሱ፦ የፍሬን ዘይት። ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ፍሬኑ ሲግል ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። በየሁለት ዓመቱ ቢቀየር ጥሩ ነው፤ ሸራውም ይታይ። ሹፌሩም በከባድ ማርሽ ይውረድ። ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ የሚለቅ አለ አይደል?

እሷ፦ ተሳፋሪው «ቶሎ በል» ሲለውስ?

እሱ፦ የአምባሰል ዘፈን ይክፈትለታ! ማርሹን ግን እንዳይለቅ።