የመቅረት ሒሳብ

በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የሒሳብ ክፍሉን በመወከል የቀረበ ንግግር

ቡናው ሦስተኛው ላይ ሳይደርስ እንጨርሳለን ብለን ቃል ስለገባን በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እንገባለን።

ዛሬ የምንነግራችሁ እኛ የሒሳብ ክፍሉ ሦስት ሴቶች ባለፈው ወር የሠራነውን ስሕተት ነው። አትደንግጡ፣ ካዝናው አልጎደለም። ስሕተቱን የሠራነው ከመካከላችን አንዷ ምክር ፈልጋ በመጣች ጊዜ ነው። ንግግሩ በመጽሔታችን ስለሚወጣ ስሟን አንጠራም፤ የብድር መዝገባችንን ከደብተር ወደ ኮምፒውተር ያዛወረችልን እህታችን ናት። እንድንናገር ፈቅዳልናለች። እንዲያውም "የእኔን ገመና ተዉትና የእናንተን ሒሳብ ንገሯቸው" ብላናለች። ይኸው ከኋላ ተቀምጣ ትስቃለች።

ይህች እህት እንደ እኛው ሒሳብ ያዥ ናት። ከእኛ ጋር በዲፕሎማ ተመርቃ፣ ዲግሪዋን በማታ ጨርሳ፣ እዚሁ ሐዋሳ በአንድ የጅምላ ንግድ ድርጅት ሰባት ዓመት ሠርታለች። በ2016 መጨረሻ የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ነፃ ሥልጠና ይፋ ሲሆን ተመዘገበች። ልጇን ካስተኛች በኋላ፣ መብራት ባለበት ሌሊት፣ በመጀመሪያ ያንን ሥልጠና፣ ቀጥሎ በራሷ ፓይተንና ኤስኪውኤል ተማረች። መለማመጃዋ የእኛ የብድር መዝገብ ነበር። የጻፈችው ትንሽ ፕሮግራም ሁለት ጊዜ የተመዘገበ የ360 ብር ክፍያ ጎትቶ ሲያወጣ እኛ ነባር ሒሳብ ያዦች ምን ያህል እንዳፈርን ታስታውሱ ይሆናል። መዝገቡን ሁለት ዓመት አገላብጠነው አላየነውም ነበር።

በጥር ወር አንድ ባንክ በፈተና አወዳድሮ ለፕሮግራመርነት መረጣት። የሥራው ቦታ አዲስ አበባ፣ ሰንጋ ተራ አካባቢ ያለው ዋና መሥሪያ ቤት ነው።

ሒሳብ ያዥ ባንክ ገብታ ፕሮግራም ትጽፋለች ሲባል ግራ የገባችሁ ስላላችሁ ትንሽ እናብራራ። አንዲት ሴት በስልኳ ከአንድ ባንክ ወደ ሌላ ባንክ ገንዘብ ላከች እንበል። ይህ አንድ ዝውውር ገንዘቡ በወጣበት ባንክ፣ በገባበት ባንክና ሁለቱን በሚያገናኘው በኢትስዊች ይመዘገባል። መዛግብቱ መገጣጠም አለባቸው። አንዳንዴ ግን ኔትወርክ መሃል ላይ ይቋረጥና ከላኪዋ ተቀንሶ ተቀባይዋ ጋ ሳይደርስ ይቀራል። "ብሬ ተቆርጦ አልደረሰም" ብለን ቅርንጫፍ የምንሰለፈው ያኔ ነው። የእሷ ሥራ እነዚህን መዛግብት በየቀኑ የሚያስታርቅና ያልተገጣጠመውን ለይቶ የሚያወጣ ፕሮግራም መጻፍ ነው። እኛ በእርሳስና በማስመሪያ የባንክ ሒሳብ የምናስታርቀውን ማለት ነው፤ ልዩነቱ ብዛቱ ነው። ፕሮግራም የሚችል ወጣት ሞልቷል። ዴቢትና ክሬዲት ገብቶት ፕሮግራም የሚጽፍ ግን እንደልብ አይገኝም፤ እሷን ያስመረጣትም ይኸው ይመስለናል።

"ኮምፒውተር ከሆነ ለምን እዚሁ ሆና አትሠራም?" ያላችሁን አላችሁ። እኛም ጠይቀናታል። የባንኩ ሲስተም ከውጭ እንዲከፈት አይፈቀድም። የቀኑ ሒሳብ የሚዘጋው ማታ ነው፤ ሲበላሽ እዚያው ተገኝቶ የሚያስተካክል ሰው ያስፈልጋል። በመጋቢት 2016 በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በአንድ ሌሊት የተፈጠረውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። በገንዘብ ፕሮግራም ላይ የምትሠራ ትንሽ ስሕተት እስኪነጋ አትጠብቅም።

እንግዲህ ደብዳቤዋን ይዛ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት መጣች። "እናንተ ገለልተኛ ናችሁ፣ ሥሩልኝ" አለችን። ገለልተኛ የምትለዋን ቃል ያዙልን።

ወረቀት አወጣንና ጀመርን። አሁን የምታገኘው 11,000 ብር ነው፤ አዲሱ 30,000። ደብዳቤውን ያየ ሁሉ በ19,000 ብር ልዩነት ዓይኑ ይበራል። እኛ ግን ደመወዝ ሠርተን የምናድር ሰዎች ነን። በ2017 ሐምሌ በተሻሻለው የገቢ ግብር የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃ ነው፤ ከ14,000 በላይ ያለው ደግሞ 35 በመቶ ይቆረጥበታል። ጡረታው ከሠራተኛው 7 በመቶ ነው። ከ11,000ው 1,950 ግብርና 770 ጡረታ ሲነሣ እጇ ላይ የሚደርሰው 8,280 ነው። ከ30,000ው 8,450 ግብርና 2,100 ጡረታ ሲነሣ 19,450 ይቀራል። ስለዚህ እውነተኛው ልዩነት 11,170 ብር ነው። ይህንን ስሌት በየቤታችሁ ላሉ ሥራ ፈላጊ ልጆች አሳዩልን፤ ባልተጣራ ደመወዝ ቤት የሚከራይ ብዙ ነው።

ቀጠልን። እዚህ የምትኖረው እናቷ ግቢ ስለሆነ ኪራይ የለባትም። አዲስ አበባ ዳር ላይ ለአንዲት ስቱዲዮ የተጠየቀችው 9,000 ነው። የአምስት ዓመት ልጇን የምታሳድገው ብቻዋን ነው፤ እዚህ አያቱ ይይዙላታል፣ እዚያ ለሠራተኛ 4,000። ለትራንስፖርት 1,500። ድምሩ 14,500። ከ11,170 ስንቀንሰው በየወሩ 3,330 ብር ጎደለ። የመዋዕለ ሕፃናቱን ልዩነት ሳንጨምር ነው ይሄ። ከሥሩ ሁለት መስመር አሰመርንና ወረቀቱን አዞርንላት። "እንግዲህ ቁጥሩ የሚለው ይኸው ነው፣ እህታችን" አልናት። አዝነን ነበር፤ ደግሞም ቅልል ብሎን ነበር።

ወረቀቱን ዝም ብላ አየችው። ከዚያ ገለበጠችው። ጀርባው ባዶ ነው። "የመቅረቱስ?" አለች። "መሄዴ ስንት እንደሚያስወጣኝ ሠራችሁ። መቅረቴስ ስንት ያስወጣኛል?"

መልስ አልነበረንም። አንዳችንም አልሠራነውም። ሦስት ሒሳብ ያዦች ተቀምጠን የአንዱን ወገን ብቻ መዝግበን ዘግተናል። ለተማሪ ብናርም ዜሮ የምንሰጥበት ስሕተት ነው።

ለምን እንደሠራነው በኋላ ስንነጋገር ግልጽ ሆነልን። እሷ ከሄደች መዝገባችንን ማን ይይዛል? ለሁለት ተበዳሪዎቻችን ዋስ የሆነችው እሷ ናት፤ ዋስነቱ ምን ይሆናል? ሳምንታዊ ቁጠባዋን አንድ ቀን አሳልፋ አታውቅም። እንድትቀር የፈለግነው ለእኛ ብለን ነበር። አፍ አውጥተን አላልነውም፤ እጃችን ግን ወጪውን ሁሉ በአንድ በኩል ደረደረው። ገለልተኛ አልነበርንም።

ጀርባውን መሥራት ጀመርን፤ የባሰ ከባድ ነበር፣ ምክንያቱም ደረሰኝ የለውም። በሰባት ዓመት ደመወዟ የጨመረው ሦስት ጊዜ ነው። መሥሪያ ቤቷ ሽያጩን፣ ዕቃ ግምጃ ቤቱንና ሒሳቡን የሚያያይዝ አዲስ ሶፍትዌር ገዝቶ ሦስት የነበሩት ሒሳብ ያዦች ሁለት ሆነዋል። ቀጥሎ ማን እንደሚነሣ አይታወቅም። ዕድሜዋ 34 ነው። በሌሊት የተማረችው ነገር ካልተሠራበት ይረሳል፤ በዚህ ሙያ ሁለት ዓመት ብዙ ነው። ይህንን በብር ለመተመን ሞክረን አልቻልንም። ግን ጻፍነው። ባዶ ከመተው ቁጥር የሌለው መስመር ይሻላል።

ሁለተኛውን ስሕተታችንን ያገኙት እናቷ ናቸው። ቡና አቅርበው ተቀምጠው ሲያዳምጡን ቆይተው "ልጆቼ፣ እኔን የት ነው የጻፋችሁኝ?" አሉ። አሳየናቸው። ለሠራተኛ 4,000፣ ለእሳቸው ምንም። "ለምን?" ሲሉን "አይከፈልዎትማ" አልን። "አይከፈለኝም እንጂ ሥራ አይደለም አልተባልኩም" አሉን። ቀጠሉና "ደግሞስ ልጁን የምይዘው እኔ፤ ስለ መሄዷ ስትማከሩ እኔን ማን ጠየቀኝ?" አሉ። እውነታቸውን ነው። ይህ ማኅበር የሴት ጉልበት ዋጋ አለው ብሎ የተቋቋመ ነው፤ እኛ በገዛ ወረቀታችን ላይ የአንዲት እናትን የአምስት ዓመት ድካም ዜሮ አድርገን ዘግተነዋል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ጣልቃ እናስገባ። ባለፈው ዓመት የአንዷ አባላችን ባለቤት ለሥራ ወደ ጅግጅጋ ሲሄድ መርቀን ሸኘነው። ልጆቹን ማን ይይዝልሃል ያለው ሰው አልነበረም። እኛም አላልንም።

እናቷ ከዚያ በኋላ ውላቸውን ተናገሩ፤ ውል ነው የምንለው፣ እንደ ነጋዴ ነው የተናገሩት። ልጁን መዋዕለ ሕፃናቱ እስኪዘጋ፣ እስከ ሰኔ ይይዙላታል። ከዚያ ወዲያ "ጉልበቴም አይችልም፣ ልጅም ከእናቱ ነው" አሉ። እስከዚያው በወር 3,000 ብር ተቀባይነት አግኝቷል። እሷ አራት ልትል ነበር፣ እሳቸው ናቸው ያወረዱት።

ሦስተኛው ስሌት እንዲህ ሆነ። ብቻዋን ሄዳ አያት አካባቢ ከምትኖር የአክስቷ ልጅ ጋር ትዳበላለች፤ ድርሻዋ 3,500። ትራንስፖርት 1,500። በወር ሁለት ጊዜ ሐዋሳ ለመመላለስ 2,400። ለእናቷ 3,000። ሽሮና በርበሬው ከዚሁ ስለሚሄድ የምግቡን ልዩነት ተውነው። ድምሩ 10,400፤ የሚተርፈው 770 ብር። ከልጇ ተለይታ በወር 770 ብር! አንዳችን "ይሄማ ቀልድ ነው" አለች። እህታችን ግን "እንግዲያው አልከስርም ማለት ነው" አለችና ያን ቀን ወሰነች።

ከዚያ ወዲያ የነበረው የወረቀት ሥራ ነው፤ ለሌሎቻችሁም ስለሚጠቅም እንንገራችሁ። ባንኩ በአሥር ቀን ጀምሪ ብሏት ነበር። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ የምትለቀው መሥሪያ ቤት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይገባዋል። ባንኩን ቀን እንዲያራዝም በጽሑፍ ጠየቀች፤ ተፈቀደላት። ካልጠየቁ የማይሰጥ ነገር ብዙ ነው። የሙከራ ጊዜው በአዋጅ 1156/2011 መሠረት ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ብቁ አይደለሽም ከተባለች ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ልትሰናበት ትችላለች። ስለዚህ ልጁን ይዛ፣ ቤት ተከራይታ፣ ዕቃ ጭና በመጀመሪያው ወር መሄድ አላስፈለገም። ቤቱን በሰኔ ትፈልጋለች። አንድ ደላላ የስድስት ወር ቅድሚያ ካልከፈልሽ ብሏት ነበር። የቤት ኪራይ አዋጁ፣ 1320/2016 ማለት ነው፣ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ መቀበልን ይከለክላል፤ ውሉም ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። ይህን በቁጥሩ ጠርታ ስትነግረው ሌላ ቤት አስታወሰ።

ባንኩ ዋስ ጠይቋል። ከሦስታችን አንዷ የደመወዝ ማስረጃዋን ይዛ ፈርማለች። ባሏ ትንሽ አጉረምርሟል።

ያልተፈታው የልጁ ነገር ነው። "ቅዳሜ ትመጫለሽ አይደል?" ይላታል። አንድ ቅዳሜ እየዘለለች እንደምትመጣ፣ ስትመጣም ግማሽ ቀን ሠርታ በማታ እንደምትደርስና እሑድ ከሰዓት እንደምትመለስ አስረድታዋለች። 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ገብቶት እንደሆነ አናውቅም። ይህንንም ሁለተኛው ገጽ ላይ ጽፈነዋል፣ ትይዩው ባዶ ነው።

የፊታችን እሑድ ትሳፈራለች። ስለዚህ ዛሬ ድምፅ እንድትሰጡባቸው የምናቀርባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ መተዳደሪያ ደንባችን አባል "በከተማው ነዋሪ" መሆን አለባት ይላል፤ ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ የሄደች አባል ቁጠባዋን በስልክ እየላከች አባልነቷ እንዲቀጥል እንዲሻሻል እንጠይቃለን። ሁለተኛ፣ ዋስ የሆነችላቸው ሁለት እህቶች እስከ መጋቢት መጨረሻ ምትክ ዋስ እንዲያቀርቡ፤ ምትክ ያጡ እንደሆነ ከእኛ ከሦስታችን ሁለታችን ፈቃደኛ ነን። ሦስተኛ፣ መዝገቡን የምትረከብ አንዲት ወጣት አባል እንድትመረጥ። እህታችን ከነገ ማታ ጀምሮ በየምሽቱ አንድ ሰዓት ልታስተምራት ዝግጁ ናት፤ ፕሮግራሙን ጭምር። ላፕቶፑ እዚሁ አለ። እጅ በማውጣት እንጀምር።