በአዲስ ግቢ ያለ አሮጌ ቁጥቋጦ
(በነዋሪዎች ማህበራችን ስብሰባ ላይ በማህበሩ ፀሐፊ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ መዋጮ አይደለም፤ በእሱ ባለፈው አሰልችቻችኋለሁ። የዛሬው ስለ ግቢ ቁጥቋጦ ነው። ወደ መንደራችን ቤት ገዝታችሁ የገባችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ታዲያ አንዳንዶቻችሁ ዕቃ አውርዳችሁ ሳትጨርሱ መጥረቢያ ስታነሱ ስላየሁ ነው መናገሬ።

እኔም እንደዚያው አድርጌአለሁ። ቤቱን የገዛሁ ጊዜ ከጓሮ ከቁመቴ የሚበልጥ ቁጥቋጦ ነበር። ጫካ ነው ብዬ ከነሥሩ ነቅዬ አቃጠልኩት። በማግስቱ ጠላ የሚጠምቁ አንዲት ጎረቤት ሰፌድ ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ጌሾው የት ሄደ?» አሉኝ። ለካ የቀድሞው ባለቤት ቅጠሉን እንዲለቅሙ ፈቅዶላቸው ኖሯል፤ ልጆቻቸውን ያሳደጉት ጠላ ሸጠው ነው። ምን ልመልስ? አመዱን አዩና ዝም ብለው ተመለሱ። ችግኝ ተከልኩላቸው፤ ችግኝ ግን ነገ ለጋን አይደርስም። እስኪያድግ ድረስ ጌሾ ከገበያ በገንዘባቸው ገዙ። እስከ ዛሬ በበራቸው ሳልፍ ቀና ብዬ አላይም።

ስለዚህ መጀመሪያ እንወቀው። ቢቻል አንድ በጋና አንድ ክረምት ሳይቆረጥ ይታይ፤ በበጋ የሞተ የሚመስል ብዙ ነገር በሐምሌ ያቆጠቁጣል። ቅርፊቱን በጥፍር ጫር አድርጉ፤ ከሥሩ አረንጓዴ ከሆነ ሕይወት አለው። ጌሾ ቅጠሉ ከላይ ያብለጨልጫል፣ ጠርዙ ጥቃቅን ጥርስ አለው፣ ፍሬው ቀይ ሆኖ ሲበስል ይጠቁራል። ግራዋን ቅጠሉን ቀምሶ ምሬቱን የረሳ የለም፤ ጋን የሚታጠበው በእሱ ነው። እንዶድም በአጥር ላይ ተንጠላጥሎ ይገኛል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓ.ም. አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው፣ የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያሳወቁት። ዓሣም ይገድላልና እጣቢው ወደ ሐይቃችን አይፍሰስ።

ቅንጭብን ግን ተጠንቀቁ። ቅጠል የሌለው፣ እንደ እርሳስ ድቡልቡል አረንጓዴ ቅርንጫፍ ያለው የአጥር ተክል ነው። ሲቆረጥ የሚወጣው ነጭ ወተት ዓይን ክፉኛ ያቃጥላል። ልጆችን አርቁ። ዓይን ከገባ ሳታሹ በንጹሕ ውኃ ረዘም ላለ ጊዜ አጥቡና ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ወተት ያለው ሁሉ ግን ክፉ አይደለም፤ አጋምም ወተት አለው፣ የበሰለ ፍሬውን ግን ስንበላ ነው ያደግነው። የጉሎ ፍሬ መርዝ ነው፤ ልጅ እንዳይጫወትበት።

እንክብካቤው ቀላል ነው። ያረጀውን ሁሉ ባንድ ቀን አትጨርሱት። በዓመት ከአሮጌው ግንድ ሲሶውን ብቻ፣ በተሳለ መጋዝ፣ ክረምት ሊገባ ሲል ቁረጡ። ቡና ግን ለብቻው ነው፤ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ በበጋ ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ላይ በሰያፍ ይጎነደላል፤ ከሚያቆጠቁጠው ጠንካራውን ሁለት ሦስት ትቶ ሌላውን መንቀል ነው። ሥሩ አጠገብ በዶማ መቆፈር ይጎዳል። የበሰበሰ ፍግ ከግንዱ ፈቀቅ አድርጎ ማልበስ ይበቃል። በበጋ ዕለት ዕለት ከመርጨት በሳምንት አንዴ ጠጥቶ እስኪጠግብ ማጠጣት ይሻላል። መረሬ አፈር ያላችሁ ደግሞ በክረምት ውኃው እንዳይተኛበት ቦይ አውጡለት።

በሐይቁ አፋፍ ላይ የገዛችሁ፣ እባካችሁ አጥራችሁን አትንቀሉ። ተዳፋቱን ይዞ ያቆመው የቁጥቋጦው ሥር ነው፤ እሱ ሲነሳ አፈሩ በአንድ ክረምት ቁልቁል ይወርዳል።

የማታውቁት ተክል ካለ፣ በሚቀጥለው እሁድ ከስብሰባ በፊት ቅጠልና ፍሬ ያለበትን አንዲት ቅርንጫፍ በጋዜጣ ጠቅልላችሁ አምጡ። ከሽማግሌዎቻችን የሚያውቅ አይጠፋም፤ ጌሾውን የጠየቁኝ እናትም እመጣለሁ ብለዋል። ቅንጭብ ብቻ እንዳታመጡ።