ቃለ ጉባኤው ላይ ፈርሜያለሁ!

(ጸሐፊው ሥራ ፈላጊ ወጣቶች በተሰበሰቡበት መድረክ ላይ ያሰማው ንግግር)



ለእናንተ ስለ ሥራ ፍለጋ ማውራት ለቀባሪው ማርዳት መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ተናገር ተብያለሁና እናገራለሁ። ስለ ሲቪ አጻጻፍና ስለ ክራቫት አስተሳሰር ግን ሌላ ሰው ይንገራችሁ።

እኔ በ2001 ዓ.ም. በዲፕሎማ ተመረቅኩ። ከዚያ በኋላ ውሎዬ አራት ኪሎ ሆነ፤ ጋዜጣ በኪራይ ይነበብበት የነበረው አራት ኪሎ! ድንጋይ ላይ ተቀምጠን አዲስ ዘመንን ከኋላ ወደ ፊት እናነባለን። መጀመሪያ ክፍት የሥራ ቦታ፣ ጊዜ ከተረፈ ዜናው። «የሥራ ልምድ፦ ዜሮ ዓመት» የሚል የተገኘ ዕለት ሠርግ ነው! «ዋናውንና ፎቶ ኮፒውን ይዛችሁ ቅረቡ» ይላል። የምሳችን ሂሳብ ለፎቶ ኮፒ ይሄዳል።

አንድ መሥሪያ ቤት የጽሑፍ ፈተና ከ60 ፈተነን። 51 አገኘሁ። ስሜ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንደኛ ሆኖ ተለጠፈ። የቀረው የቃል ፈተና ነው፣ ከ40።

ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። አንዱ ስልክ ያወራል። ሌላው «ትውልድህ የት ነው?» አለኝ። «አዲስ አበባ» አልኩ። «አይ፣ የአባትህን ነው የጠየቅኩህ!» «ጌታዬ፣ ሥራ የጠየቅኩት እኔ እንጂ አባቴ አይደለም» ልለው አማረኝ። አላልኩም። ሥራ ፈላጊ መቼ አፍ አለውና!

«እንደውልልሃለን» አሉኝ። ስልኬን ሽንት ቤት ሳይቀር ይዤ እገባ ጀመር። የደወለ የለም። በሳምንቱ ብሄድ በጽሑፉ አራተኛ የወጣው ልጅ ተቀጥሯል። «የእኔ የቃል ውጤት ስንት ነው?» ብል፣ «እሱ ሚስጥር ነው» ተባልኩ።

ሕግ አልነበረም እንዴ? ነበር! ያኔ ይሠራበት የነበረው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999 ሥራ ፈላጊን በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖት ወይም በፖለቲካ አመለካከት መለየትን ይከለክል ነበር። ግን ውጤቱ ተደብቆ እንዴት ብዬ ልክሰስ? በምን ማስረጃ?

እስካሁን የተበዳዩን አወራኋችሁ። አሁን ደግሞ በዳዩን ላሳያችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአንድ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ክፍል በኮንትራት ተቀጠርኩ። አንድ ቀን «ሦስተኛ ፈታኝ ጎድሏል፣ ግባ» ተባልኩ። የመጀመሪያዋ ተፈታኝ ሳትገባ ሰብሳቢው ብጣሽ ወረቀት አሳየን። አንድ ስም ተጽፎበታል። «ይህ ልጅ የእኛው ነው» አለ። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ!

ከደሴ የመጣች አንዲት ልጅ ነበረች። የጠየቅናትን ሁሉ አበጥራ መለሰች። ባለ ወረቀቱ ልጅ ገባ፣ ተንተባተበ፣ ወጣ። ኮንትራቴ ሊያልቅ ሁለት ወር ቀርቶታል። ለሱ 38 ሰጠሁ፣ ለሷ 22። ቃለ ጉባኤው ላይም ፈረምኩ።

ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። «ጋሼ፣ እንዴት ነበርኩ?» አለችኝ።

ምን ብዬ የመለስኩላት ይመስላችኋል?

«እንደውልልሻለን።»

ኮንትራቴ ታደሰልኝ። እሷ የት እንደደረሰች እስከ ዛሬ አላውቅም።

ወገኖቼ! እኔን እንደዚያ ያስደፈረኝ የዘመድ ብዛት ብቻ አይደለም፤ የሰጠሁትን ነጥብ ማንም እንደማያየው ማወቄ ነው። የጽሑፉ ውጤት የሚለጠፍበት ሰሌዳ ላይ የቃሉም ውጤት ቢለጠፍ፣ ለሁሉም ተፈታኝ አንድ ዓይነት ጥያቄ ቢቀርብ፣ የሰጠነው ነጥብ ከነምክንያቱ ተጽፎ ተፈታኙ ቢያየው እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይህ ደግሞ በጀት አይጠይቅም፤ አንድ ወረቀትና አራት መርፌ ቁልፍ ይበቃዋል!

እናንተም ስትወድቁ ዝም ብላችሁ አትሂዱ። «ነጥቤ ስንት ነው?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ማመልከቻችሁንም መዝገብ ቤት አስገቡ። ነገ ደግሞ ከመካከላችሁ አንዱ ያ የፈታኝ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ያን ቀን ብጣሽ ወረቀት ሲመጣላችሁ፣ ኮሪደር ላይ የምትጠብቀውን ልጅ አስቧት።

እኔ ፈርሜያለሁ። እናንተ አትፈርሙ!