ዓይን ቀድሞ ሲደርስ፤ ስለ ቪአር መነጽርና ስለ ጣና

(ባሕር ዳር ላይ ለመምህራንና ለተማሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር ጽሑፍ)



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ መሣሪያ ነው። ዓይንን ሙሉ በሙሉ ሸፍኖ በራስ ላይ የሚጠለቅ፣ «ቨርቹዋል ሪያሊቲ» ወይም በአማርኛ «ምናባዊ እውነታ» የምንለውን የሚያሳይ መነጽር ነው፤ ባጭሩ ቪአር ይሉታል። እኔ የማስተምረው ሥነ ጽሑፍና የባህል ጥናት ነውና መሣሪያውን በመሐንዲስ ዓይን ልመረምረው አልተነሣሁም። ባለፈው ክረምት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከውጭ አገር ይዞት የመጣውን መነጽር፣ ከሐይቁ ዳር ብዙም በማይርቅ ቢሮ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞከርሁት። ያየሁትንና ከዚያ ወዲህ ሲያሳስበኝ የቆየውን ጥያቄ ላካፍላችሁ እወዳለሁ። ጥያቄው ይህ ነው፤ መሣሪያው ጣናን ለማሳየት ሲመጣ፣ መምጣቱም አይቀርምና፣ ማን ማንን ያያል? ፈቃዱንስ የሚሰጠው ማን ነው?

አስቀድሜ አሠራሩን በአጭሩ ላስረዳ። በሁለቱ ዓይኖቻችን መካከል ስድስት ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት ስላለ፣ እያንዳንዱ ዓይን አንዱን ነገር በመጠኑ ከተለየ አቅጣጫ ያየዋል። አእምሮም ሁለቱን ምስሎች አዋሕዶ ጥልቀትን ይረዳል። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዊትስተን እ.ኤ.አ. በ1838 ይህንኑ አሳየ፤ ለቀኝና ለግራ ዓይን ሁለት የተለያዩ ሥዕሎችን በመስታወት አማካይነት ለየብቻ በማቅረብ፣ በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ያለው ሥዕል ጥልቀት ያለው መስሎ እንዲታይ አደረገ። ከ130 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1968፣ አሜሪካዊው አይቫን ሰዘርላንድ በራስ ላይ የሚጠለቅ ማሳያ ሠርቶ አቀረበ። መሣሪያው ከጣሪያ ጋር የተያያዘ ነበር፤ የሚያሳየውም በመስመር ብቻ የተሣሉ ቅርጾችን ነበር። ዋናው ሐሳብ ግን ያን ጊዜ ተገኝቷል፤ ተመልካቹ ራሱን ሲያዞር ሥዕሉም አብሮት ይለወጣል። ይህን 1968 የሚለውን ዓመት ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

በእኛ ዘመን ጉዳዩን ከቤተ ሙከራ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ከሕዝብ በተሰበሰበ መዋጮ ሥራውን ያስተዋወቀው ኦኩለስ የተባለው ኩባንያ ነው። በ2014 ፌስቡክ በ2 ቢሊዮን ዶላር ያህል ሊገዛው ተስማማ። ዛሬ ኮምፒውተሩም ባትሪውም እዚያው መነጽሩ ውስጥ ነው። ምስሉ በአንድ ሰከንድ ሰባና ዘጠና ጊዜ ይታደሳል፤ የራስን እንቅስቃሴ ተከትሎ ለመለወጥም ከ20 ሚሊ ሰከንድ ብዙ እንዳይዘገይ ይጣራል። ከዘገየ አእምሮ ይጠራጠራል፤ ሆድም ይታወካል።

እንግዲህ ወዳየሁት ልግባ። ባልደረባዬ ሦስት ማሳያዎችን መርጦልኝ ነበር።

የመጀመሪያው በአንድ አሳንሰር ያስገባችሁና ከሰማይ ጠቀስ ፎቅ አናት ላይ ያደርሳችኋል። በሩ ሲከፈት ከፊታችሁ ያለው አንድ ሳንቃ ብቻ ነው፤ ከሳንቃው በታች ገደል ነው። የቆምሁት በቢሮው የሲሚንቶ ወለል ላይ እንደ ሆነ አውቃለሁ። ባልደረባዬ በአጠገቤ ሲስቅም እሰማለሁ። ጉልበቴ ግን ዕውቀቴን አልሰማም። ሁለት እርምጃ ተራምጄ ቆምሁ፤ መዳፌም አላበኝ።

ሁለተኛው ከባሕር ጥልቅ ውስጥ፣ በሰመጠ መርከብ ወለል ላይ ያቆማችኋል። ዙሪያው ሰማያዊ ጸጥታ ነው። ከዚያም አንድ ዓሣ ነባሪ ከጨለማው ወጥቶ በአጠገባችሁ ያልፋል። ታንኳ የሚያህል አይደለም፤ ቤት የሚያህል ነው። ዓይኑ ከዓይኔ ትይዩ ሲደርስ ትንፋሼን ያዝሁ። ወደብ በሌላት አገር፣ ባሕር ብለን የምንጠራው ጣናን በሆነበት ከተማ ለኖረ ሰው፣ ይህ እንዲሁ የሚናቅ ስጦታ አይደለም።

በዘርፉ የታወቀው ተመራማሪ ሜል ስሌተር እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ጽሑፍ ሁለት ነገሮችን ለይቷል። አንዱ «እዚያ ነኝ» የሚለው ስሜት ነው፤ ሌላው «የሚሆነው ነገር በእርግጥ እየሆነ ነው» የሚለው እምነት ነው። በሳንቃውና በዓሣ ነባሪው ሁለቱም ተሟልተውልኝ ነበር። ሁለቱ የተለያዩብኝ በሦስተኛው ነው።

ሦስተኛው ማሳያ በዓለም ካርታ ላይ ቦታ እየመረጡ፣ ሰዎች በየስፍራው ዙሪያውን ሁሉ በሚያነሣ ካሜራ የቀረጿቸውን ፎቶግራፎች ከመካከላቸው ሆኖ ማየት ነው። እኔም እንደ ማንኛውም ሰው መጀመሪያ የፈለግሁት የገዛ አገሬን ነው። በዘጌ በኩል፣ ከአንድ ክብ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ አንድ መንገደኛ ያነሣው ፎቶግራፍ ተገኘ። ገባሁ። ከፊቴ አንድ አረጋዊ አባት መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ዓይናቸው ወደ እኔ ነው። ሳላስበው አንገቴን ሰበር አድርጌ «ይፍቱኝ አባቴ» አልሁ። መልስ የለም፤ የሚያዩት እኔን ሳይሆን ካሜራውን ነበር። ከዚያም በደጀ ሰላሙ ከነጫማዬ እንደ ቆምሁ ትዝ ብሎኝ ወደ ታች ተመለከትሁ። ጫማ የለም። እግርም የለኝም። ከታች የነበረው ድንጋይና ጥላ ብቻ ነው።

ሳንቃው ያላስደነገጠኝን ያህል ይህ አስደነገጠኝ። ሰላምታ የማይሰጥበት፣ ጫማ የማይወለቅበት፣ «ግቡ» የሚል ድምፅ የማይሰማበት መግባት ገባሁ። ዓይኔ ቀድሞ ደረሰ፤ እኔ ግን አልደረስሁም።

ነገሩን ግልጽ የሚያደርግልን የራሳችን ትውፊት አለ። ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ወይም አዝዋ ማርያምን ያያችሁ ታስታውሱታላችሁ። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ጻድቃን ፊታቸው ወደ ተመልካቹ ሆኖ፣ በሁለት ዓይን ይሣላሉ፤ ክፉዎች ግን ከጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ሠዓሊው በዚህ የሚለየው ማን ጻድቅ፣ ማን ኃጥእ እንደ ሆነ ብቻ አይደለም ብዬ አስባለሁ። ጻድቁ ያየናል፤ ወደ ሥዕሉ የቀረበ ሰው ራሱም ታይቶ ይመለሳል። ክፉው አይመለከተንም፤ ከእኛ ጋር ጉዳይ የለውም። መነጽሩ ከእኔ የሚፈልገው ሁለቱንም ዓይኖቼን ነው፤ አለዚያ ጥልቀት የለም። በምላሹ ግን አንድም ዓይን አይሰጠኝም። የማይታይ ተመልካች ያደርገኛል።

ይህ የእኔ የግል ስሜት ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ አገራችንን የሚመለከት አንድ እውነተኛ ምሳሌ ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ2015 ቻሪቲ ዋተር የተባለው የአሜሪካ ግብረ ሠናይ ድርጅት «ዘ ሶርስ» የሚል የቪአር ፊልም አዘጋጀ። የተቀረጸው በትግራይ ሲሆን፣ ባለታሪኳ ወደ መንደሯ ንጹሕ ውኃ የገባላት የ13 ዓመት ልጅ ናት። በዚያው ዓመት በኒው ዮርክ በሜትሮፖሊታን ሙዚየም በተደረገ ድግስ፣ በመቶ የሚቆጠሩ እንግዶች መነጽሩን በአንድ ጊዜ አጥልቀው ፊልሙን ተመለከቱ፤ በዚያች ምሽትም ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለውኃ ተሰበሰበ። ይህን ቀላል አድርጌ አላየውም። የውኃ ጉድጓድ የውኃ ጉድጓድ ነው፤ እንስራ የተሸከመ ያውቀዋል። ነገር ግን የመሣሪያውን ጠባይ አስተውሉ። እንግዶቹ ከልጅቱ ጋር ተቀምጠው የተነሡ መስሎ ተሰማቸው፤ ለልጅቱ ግን ማንም አልመጣባትም። በአገራችን እንግዳ የመጣበት ሰው ቢያንስ ቡና ያፈላል፤ እንግዳውን አይቶ ይመዝነዋል፤ ከየት መጣህ፣ የማን ልጅ ነህ ይለዋል። መነጽሩ እንግድነትን ከአስተናጋጁ ነጥሎ ለእንግዳው ብቻ ይሰጣል።

አሁን ወደ 1968 ልመለስ። ሰዘርላንድ መሣሪያውን ባቀረበበት በዚያው ዓመት፣ ኤርንስት ሐመርሽሚት የተባሉ ኢትዮጵያን የሚያጠኑ ምሁር ወደ ጣና መጥተው የገዳማቱን የብራና መጻሕፍት በማይክሮ ፊልም ያነሡ ነበር። ክብራን ገብርኤል አንዱ ነው። የክብራን መጻሕፍት ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ1973 በጀርመንኛ ታተመ። ክብራን ከዚህ ከተማ በጀልባ ቅርብ ነው፤ እንደ ዳጋ እስጢፋኖስ ሁሉ ሴት አይገባበትም። እኔ ሴት ነኝ። ስለዚህ የደሴቲቱን ዛፎች ከዳር ሆኜ እያየሁ፣ በውስጧ ያሉትን መጻሕፍት የማውቃቸው በጀርመን አገር በታተመ ዝርዝር ነው። ይህን የማነሣው ለአቤቱታ አይደለም፤ ከቦታው ርቆ የማየት ጉዳይ በእኛ ዘንድ አዲስ እንዳልሆነ ለማስታወስ ነው።

አንድ ወጣት የሥራ ባልደረባዬ «እንግዲያውስ መነጽሩ ክብራንን ቢያስገባዎት ምን ይጠላሉ? ዕውቀት የሁሉ አይደለምን?» ሲል ጠይቆኝ ነበር። ጥያቄው ብርቱ ነው። መልሴ በሁለቱ የ1968 ሥራዎች መካከል ባለው ልዩነት ላይ የቆመ ነው። ማይክሮ ፊልሙ መጻሕፍቱን ለንባብ አቀረበ እንጂ አንባቢውን «ደሴቲቱ ላይ ነህ» አላለውም። መነጽሩ ግን ሥራው ሁሉ «እዚያ ነህ» ማለት ነው። ገዳሙ የሚጠብቀው ደግሞ ይህንኑ፣ እዚያ መገኘትን ነው። አባቶች ራሳቸው «ይህን ያህል እናሳይ» ካሉ ደስ ብሎኝ እመለከታለሁ፤ በጓሮ በር ግን አልገባም። ያልተፈቀደልኝን ቦታ ዓይኔ ብቻውን ቢሰርቀው፣ የማገኘው ክብራንን ሳይሆን ያንን እግር የሌለውን መቆም ነው።

ታዲያ አንቅረጽ ማለቴ ነውን? በፍጹም። የጢስ ዓባይን ፏፏቴ አስቡ። ጢስ ዓባይ ሁለት የተባለው የኤሌክትሪክ ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ2001 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙው ውኃ ወደ ማመንጫው ስለሚዞር፣ ከክረምት ውጭ ፏፏቴው እንደ ቀድሞው አይደለም። ከእናንተ ከተማሪዎቹ ብዙዎቻችሁ የድሮውን ጢሱን አላያችሁም፤ እኔ አይቼዋለሁ፤ ልነግራችሁ እንጂ ላሳያችሁ አልችልም። እምቦጭ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የሐይቁን ዳር ሲወርር፣ ደንገሉም ሲመናመን በዓይናችን እያየን ነው። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የዛማኒ ፕሮጀክት የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ለክቶ በሦስት አውታር እንደ መዘገበ ሁሉ፣ ለሐይቃችንም እንዲህ ያለ መዝገብ ያስፈልገዋል። ነገ የማይገኘውን ዛሬ መመዝገብ የትውልድ ዕዳ ነው።

ስለዚህ ለእኛ ለዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በሚያልፈው ነገር እንጀምር፤ በውኃው፣ በደንገሉ፣ በታንኳ ሠሪው እጅ ሙያ። ሁለተኛ፣ መዝገቡ እዚሁ ይቀመጥ፤ መግለጫውም በአማርኛ ይጻፍ፤ የልጅ ልጆቻችን ስለ ገዛ ሐይቃቸው በሌላ ሰው ቋንቋ ዝርዝር አይፈልጉ። ሦስተኛውና ዋናው፣ መነጽሩን መጀመሪያ የሚያጠልቀው የተቀረጸው ሰው ይሁን። ታንኳ ሠሪው ራሱን በመነጽሩ አይቶ «ይህ ይቅር፣ ይህ ይጨመር፣ ካሜራው ከዚህ ይቁም» ይበል። ካልወደደው አይውጣ። ይህ የቴክኒክ ችግር የለበትም፤ ወጪውም የአንድ ቀን የጀልባ ኪራይ ነው። የሚጠይቀው ትዕግሥት ብቻ ነው።

በዚህ መንገድ ከሠራን፣ ከሩቅ የሚመጣው ተመልካች እግር ባይኖረውም ቢያንስ «ግቡ» የሚለውን ድምፅ ይሰማል። ያንን ቃል የሚናገረውም ባለቤቱ ይሆናል።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።