በባዶ ወረቀት ላይ መፈረም
(ሽሮ ሜዳ ላሉ ሸማኔዎች የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ድምፅ ነው። በማኅበር ስብሰባ እጅ አውጥተን ስለምንሰጠው ድምፅ።

እዚህ ሽሮ ሜዳ ብዙው ሸማኔ ከጋሞ የመጣ ነው። መስቀል ሲደርስ ድሩን ትቶ ወደ ዶርዜ፣ ወደ ጨንቻ ይጓዛል። እንበል፣ የማኅበሩ ስብሰባ ልክ በዚያ ሳምንት ተጠራ። አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ቤቱ ይመጣል። «አይዞህ፣ በሰላም ሂድ። እኔ እመርጥልሃለሁ፤ እዚህች ላይ ብቻ ፈርምልኝ» ይለዋል። ወረቀቱ ባዶ ነው። ማንበብ ተምረናል፤ ባዶ ወረቀት ግን ምን ይነበባል? ያ ሰው ሃያ ፊርማ ከሰበሰበ ብቻውን ሃያ አንድ ሆኖ ይገባል። የፈትሉን ግዢ፣ የሊቀመንበሩን ምርጫ፣ የትርፉን ክፍፍል እሱ ወሰነው ማለት ነው።

ሕጉስ? በኅብረት ሥራ ማኅበር፣ የገበሬም ይሁን የሸማኔ፣ የአባሉ ዕጣ አንድም ይሁን አሥር ድምፁ አንድ ነው። አዋጅ ቁጥር 985/2009 ይህንኑ ይላል። ሥርዓቱም አባሉ ራሱ መጥቶ፣ ሰምቶና ጠይቆ እንዲወስን ነው። ፈታይዋም አባል ከሆነች ድምፁ የራሷ ነው፤ ባሏ አይሰጥላትም። (እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ ስትስቁ አያለሁ።)

የአክሲዮን ኩባንያ ሌላ ነው። እዚያ ድምፅ የሚቆጠረው በአክሲዮን ብዛት ነው። የ1952ቱም ሆነ የ2013ቱ የንግድ ሕግ ባለአክሲዮን ወኪል እንዲልክ ይፈቅዳል። ባንኮች ጉባኤ ሲጠሩ ይህንኑ በጋዜጣ ያወጣሉ። ያንን ያየ ሰው ለማኅበራችንም ይሠራል ብሎ ይሳሳታል።

በሌላም አገር ነገሩ ያነጋግራል። በአውስትራሊያ የአገሩ ነባር ሕዝቦች የራሳቸው ማኅበራት አሏቸው። በ1999 ዓ.ም. የጸደቀው ሕጋቸው ወኪል ድምፅ እንዲሰጥ የሚፈቅደው የማኅበሩ ደንብ ከፈቀደ ብቻ ነው።

ማኅበራችን ወደ ዩኒየን ሰው ሲልክስ? ያ በስብሰባ ተመርጦ፣ በቃለ ጉባኤ ተጽፎ የሚሄድ ተወካይ ነው። ማታ በር እያንኳኳ ፊርማ ከሚለቅመው ጋር አንድ አይደለም።

እንግዲህ ስብሰባው በመስቀል ሳምንት እንዳይሆን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ስትመለሱም ቃለ ጉባኤው ይነበብላችሁ። ጨንቻ በነበራችሁበት ቀን ስማችሁ ከተገኙት መካከል ተጽፎ ካገኛችሁ፣ ማን እንደ ፈረመላችሁ ተነሥታችሁ ጠይቁ።